ጥለቱ ወደ ላይ የሆነበት ፎቶ

መካነ ሰላም በመምህርነት በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት ካሜራ ገዛሁ። ወደ ደሴ የተዛወረ ባልደረባዬ ዕቃውን ሲሸጣሽጥ ከብረት አልጋውና ከማሾው ጋር አብሮ ያወጣው፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ማንገቻው አንገት የሚከረክር የፊልም ካሜራ ነበር። አልጋውን ሌላ ሰው ወሰደው፤ ካሜራውን እኔ። ዘጠናዎቹ ገና መግባታቸው ነው። ጂኦግራፊዬን አስተምሬ ስወጣ ካሜራዬን አንግቼ ገበያውን እዞራለሁ፤ ከከተማው ሰው ሁሉ አንድ ዐይን ተጨምሮልኝ የተፈጠርሁ ይመስለኝ ነበር።

ከተማው አንድ ፎቶ ቤት ነበረው። ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የፕላስቲክ አበባ። ሰው የክት ልብሱን ይለብስና ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ምስክር ፊቱን አጥብቆ ይነሳል። እኔ ይህን እንቅ ነበር። ተማሪ ሳለሁ አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ፣ ጥሩ ፎቶ ማለት ሰውየው ሳያውቅ የተነሳው ነው የሚል አንብቤ እንደ ሃይማኖት ይዤዋለሁ። ስለዚህ የማነሳው ሰርቄ ነው። ሴቲቱ እህል ስትሰፍር፣ ሰውየው አህያውን ሲጭን፣ ሲያዛጋ፣ ሲጣላ። ሰው ግን አልወደደልኝም። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ገልበጥ አድርጎ ያየውና "ምነው እንዲህ አዋረድኸኝ?" ይለኛል። እኔም ጥበብ የት ይገባቸዋል ብዬ በሆዴ እስቃለሁ።

የምኖረው ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ የአንድ ቄስና የባለቤታቸው ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ክፍሏ የልጃቸው ነበረች። ያቺ አንዲት ልጃቸው እኔ ከመምጣቴ በፊት ቤይሩት ለሰው ቤት ሥራ ሄዳለች። እኔ የማውቃት ግድግዳው ላይ ከቀረው ፎቶዋ ብቻ ነው፤ ከፏፏቴው ፊት፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። በክፍሏ ተኝቼ ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ ተሳልቄበታለሁ።

ቄሱ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። አንድ ጠዋት ጥምጥማቸውን ሳይጠመጥሙ ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲታጠቡ ካሜራዬን አነጣጠርሁባቸው። ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁና፣

"ሰው ሊነሳ ሲል ይዘጋጃል፣ መምህር" አሉኝ። "ሳያዘጋጅ የሚወስድ ሞት ብቻ ነው።"

እኔም ስቄ አለፍሁት። ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራ አንግቼ ስወጣ ባዩኝ ቁጥር "ሌባው ወጣ፣ ዶሮዎቻችሁን ክተቱ" እያሉ ለጎረቤት ይጮኹ ነበር። ከቤት ኪራይ በላይ የሆነ ነገር በመካከላችን ነበር። ቄሱ ለልጃቸው ደብዳቤ ሲጽፉ እንኳ "መምህሩም ሰላም ይልሻል" ብለው ያስገቡኝ ነበር፤ ዐይታኝ ለማታውቀኝ ልጅ።

ቄሱ የሞቱት በዚያው ዓመት፣ ኅዳር ሲገባ ነው። ሦስት ቀን ሆዳቸውን አመማቸው፤ ደሴ የሚያደርስ መኪና ሲፈለግ አረፉ። እትዬ ፀጉራቸውን ተላጩ፣ ከል ለበሱ፣ ፊታቸውን ነጩ። ሳምንቱን ሙሉ አልቅሰው ድምፃቸው ተዘጋና ከጉሮሯቸው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ከሰልስቱ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ የመከረው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ቤይሩቷ ልጅ። በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም፣ በወረቀት አይላክም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይወረወርም። ሽማግሌው፣ የንስሐ አባቱ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል የባለ መርዶውን በር ያንኳኳል። ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲጮኽ አብሮት የሚጮኽ ሰው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ይቺ ልጅ ግን በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ብቻዋን ናት። ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ከወግዲ በኩል የሄደች አንዲት ልጅ የወንድሟን ሞት በስልክ ሰምታ፣ ከምትሠራበት ቤት ሰገነት ወደቀች ይባል ነበር፤ ያን ሰሞን ይህን ያላወራ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ እስክትገባ እንዳትሰማ ተወሰነ። የቄሱ ታላቅ ወንድም፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ፣ በግቢው ያለነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስማሉን። እኔም ማልሁ።

ቀብሩ ሃያ ቀን ሳይሆነው ከቤይሩት የተመለሰች ሴት የልጅቷን ደብዳቤ ይዛ መጣች። ድሮ አንባቢው ቄሱ ነበሩ፤ እትዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። ልጅቷ ናፍቆቷን ከዘረዘረች በኋላ የሁለታችሁን ድምፅ በካሴት ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ እማዬ ትምከረኝ፣ አባዬ ዳዊት ሲደግም ልስማው ትላለች። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ሰሙ።

"ያረቢ" አሉ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው። የወሎ ክርስቲያን ሲጨንቀው ማርያምንም ይጠራል፣ ያረቢም ይላል። "ይሄን ድምፅ ይዤ ምን ልበላት?"

ታላቅ ወንድምየው ተጠሩ። ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ብዙ አሰቡ። ዘዴውን ያመጡት እሳቸው ናቸው።

"ድምፅ ይከዳል" አሉ። "ፎቶ ግን ምን ያወራል? እናቷ አምሮባት ትነሳና ይላክላት። አባትሽ ሰሞነኛ ነው በሏት።"

ሰሞነኛ ማለት የቅዳሴ ሳምንቱ ተራ የደረሰው ቄስ ነው፤ ሰሞኑን እስኪጨርስ የሚያድረው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፣ ቤቱ አይመጣም። ለቄስ ልጅ አብራው ያደገችው ነገር ነው። ሁሉም በሐሳቡ ተስማማና ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ደስ አለኝ። በዚያ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራዬ ስለተፈለገ ደስ አለኝ።

አርባው ሳይወጣ ከል ማውለቅ ለቄስ ሚስት የዋዛ ነገር አይደለም። እትዬ ለንስሐ አባታቸው ነግረው፣ ለልጅሽ ነፍስ ብለሽ ካደረግሽው እግዚአብሔር ያይልሻል ተብለው ነው እሺ ያሉት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተቀጣጠርን። ጎረቤታቸው የሆነች ሴት የራሷን የጥምቀት ቀሚስ ልታመጣ ሄደች። እትዬ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ በላይ ብቅ ብላ ግማሽ ፊታቸውን ይዛለች። የቀረው ግማሽ ከቤቱ ጨለማ ጋር ነው። ነጠላቸው የተላጨ ራሳቸውንና ከላቸውን ሸፍኗል። አንድ እጃቸው የተነጨ ጉንጫቸው ላይ፣ ሌላው የቄሱ መቋሚያ ላይ ነው፤ ዐይናቸው ግቢው ውስጥ የሌለ ነገር ያያል። ካሜራ ከገዛሁ ጀምሮ በየገበያው ስፈልገው የኖርሁት ነገር እዚህ፣ ከመኝታ ክፍሌ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ብርሃኑን ለካሁ፣ ትንፋሼን ያዝሁና ተጫንሁት። ቀጭ አለ።

እትዬ ቀና አሉ። "አነሳኸኝ እንዴ?"

"ኧረ አይደለም፤ እየሞከርሁት ነው" አልኋቸው።

ከዚያ ቀሚሱ መጣ። ጎረቤትየዋ የተላጨ ራሳቸውን በደማቅ ሻሽ ሸፈነች፣ የተነጨ ጉንጫቸውን በቅባት ዳበሰች፣ ጥለቱ ቀይና ቢጫ የሆነ ነጠላ አለበሰቻቸው። እኔም ጠባሳው እንዳይታይ ራቅ ብዬ ቆምሁ። ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነም። ጎረቤትየዋ ለልጅሽ ስትይ ብላ ለመነቻቸው፤ አልሆነም። በመጨረሻ እኔ ከካሜራው ጀርባ ሆኜ "ሌባው መጥቷል፣ ዶሮዎቹን ይክተቱ" አልሁ። ድንገት ሳቁ፤ ጥርሳቸው ታየ፤ ሦስት ጊዜ አከታትዬ አነሳኋቸው። ሳቁ ሲያልቅ ወደ ለቅሶ ተቀየረና ወደ ቤት ገብተው ከላቸውን መልሰው ለበሱ።

ፊልሙን እንደ አብርሃም ቤት እንግዳ አክብሬ ጠቅልዬ ለደሴ አውቶቡስ ሹፌር ሰጠሁት። መካነ ሰላም ውስጥ የቀለም ፎቶ የሚያጥብ አልነበረም፤ ደሴ ደርሶ፣ ተራ ጠብቆ፣ በዚያ መንገድ ተመልሶ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። እያንዳንዱ በሁለት ቅጂ ታጥቦ ሲመጣ ፖስታውን መንገድ ላይ ነው የቀደድሁት። የሳቁት ሦስቱ ደህና ናቸው፤ ደረቅ ናቸው። አራተኛዋን ሳይ ግን እግሬ ቆመ። የደፉ እንጨት፣ ብርሃኑ፣ እጃቸው፣ መቋሚያው፣ ዐይናቸው። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አላነሳሁም።

ማታውን እትዬ የነገሩኝን ደብዳቤ ጻፍሁ። ደህና ነን፣ አባትሽ ሰሞነኛ ናቸው፣ ድምፃችንን ሌላ ጊዜ እንልካለን፣ እስከዚያው መልኬን እይ። ሦስቱን ፎቶዎች በኩራዝ ብርሃን አገላብጠው ዐዩና ሁለቱን መረጡ። አራተኛዋን አላሳየኋቸውም፤ አላነሳሁም ብያቸው የለ። ክፍሌ ገብቼ ፖስታውን ላሽግ ስል ግን እጄ ወደዚያች ፎቶ ሄደ። ልጅቷ ከእነዚህ ደረቅ ፎቶዎች ይልቅ የእናቷን እውነተኛ መልክ ብታይ ምን አለበት አልሁ። ለራሴ የነገርሁት ይህንን ነው። እውነቱ ሌላ ነበር፤ ከተማው ሁሉ የናቀልኝን ፎቶዬን አንድ ሰው፣ ቤይሩት የደረሰ፣ ዓለም ያየ ሰው፣ እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው። ጀርባዋ ላይ ፊርማዬን ሁሉ አኖርሁ። ከዚያ ከተትኋትና በምራቄ አሸግሁት። በማግስቱ ወደ ቤይሩት የምትሄድ አንዲት የከተማችን ልጅ ፖስታውን ይዛ በአዲስ አበባ መኪና ተሳፈረች።

ከአራት ቀን በኋላ የትምህርት ቤታችን የስፖርት መምህር ክፍሌ መጣ። የዚያችን ፎቶ አንድ ቅጂ ከልጅቷ ፎቶ አጠገብ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሻይ እያፈላሁለት አድናቆቱን ስጠብቅ፣ ገና ከበሩ አንዴ አየት አደረገና፣

"የማን ለቅሶ ነው?" አለኝ።

እንዴት አወቅህ አልሁት። ግራ ገብቶት አየኝ፤ የቀለድሁበት ነው የመሰለው። "ነጠላቸውን አታይም? ጥለቱ ወደ ላይ ነው" አለኝ።

ደህና የሆነች ሴት ነጠላዋን ስትለብስ ጥለቱን ወደ ታች ታደርጋለች፤ ሐዘን ሲገባባት ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷና ወደ ፊቷ ታወጣዋለች። ይህን በአገራችን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። እኔም አውቃለሁ። ያቺን ፎቶ መቶ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ብርሃኑን አይቻለሁ፣ ጥላውን አይቻለሁ፣ የደፉን እንጨት ስንጥቅ ሳይቀር አይቻለሁ፤ ጥለቱን አላየሁም። ሴቲቱን አላየሁም ማለት ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እኔ የለቀለቅሁት ግን ንፍጥ ብቻ አልነበረም፤ ሃያ ሰው የማለበትን ምስጢር፣ መርዶውን ራሱን በፖስታ ልኬዋለሁ።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ስህተት ሰው ይቅር ይለዋል፤ እኔም ራሴን ይቅር ባልሁ ነበር። የማፍረው በቀጠለው ነው። ፖስታውን የያዘችው ልጅ በረራዋ እስኪደርስ አዲስ አበባ አንድ ሳምንት እንደምትቀመጥ አውቅ ነበር። ያረፈችበት ቤት ስልክ የነበረው የቄሱ ታላቅ ወንድም ዘንድ ነው። ቴሌ ሄዶ አንድ ጊዜ መደወል፣ ፖስታውን ክፈችና አንዷን ፎቶ አውጪ ማለት፣ በቃ ይኸው ነበር። ስልኩን ለመጠየቅ ግን ያደረግሁትን መናገር አለብኝ።

ሄድሁ። ሽማግሌው በደስታ ተቀበሉኝ፤ ጠላ አስቀዱልኝ። የላክነውን ፎቶ ነገር አንስተው፣ የአንተ ካሜራ ባይኖር ምን እንሆን ነበር፣ እናት ልጇን እንዲህ አድርጋ አትጠብቅም ብለው መረቁኝ። ጠላውን ጨረስሁ፤ ሁለተኛ ቀዱልኝ። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ፤ ስለ ዘንድሮው ገብስ ነገሩኝ። ሁለተኛውንም ጨርሼ ተነሳሁ። በሩ ድረስ ሸኙኝና፣ የመጣህበት ጉዳይ ነበር ወይ አሉኝ። ኧረ እንዲያው ልጠይቅዎ ብዬ ነው አልሁ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እሄዳለሁ እያልሁ ዋልሁ። ልጅቷ በረረች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር እንዴት እንደኖርሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በር በተንኳኳ ቁጥር ከቤይሩት ክፉ ወሬ የመጣ ይመስለኛል። ፎቶዋን ከግድግዳዬ አንስቼ ከፍራሼ ሥር አደረግኋት። ካሜራዬን ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። እትዬ "ሌባው ታመመ እንዴ?" ይሉኝ ነበር፤ ከቄሱ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልዱት በእኔ ነው።

በመጋቢት ደብዳቤዋ መጣ። ለእትዬ ጮክ ብዬ እያነበብሁ ዐይኔ ቀድሞ ወደ ታች ይሮጥ ነበር። ምንም የለም። ፎቶው ደረሰኝ፣ እማዬ አምሮብሻል፣ ቀሚሱ ልክሽ ነው፣ ሳቅሽን ሳይ ናፍቆቴ ቀለለልኝ፣ ለአባዬ ለሰሞነኛው ጉልበቱን ሳሚልኝ። ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብሁት። እትዬ ወደ ሰማይ አንጋጠው ተመስገን አሉ፤ ከዚያ ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። አላወቀችም አልሁ በሆዴ፤ ጥለቱን እሷም አላየችውም። ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ ከደስታ ብዛት አለቀስሁ። ሥራዬን ራሴ ለራሴ ይቅር አልሁና ካሜራዬን ከሳጥኑ አወጣሁት።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ደብዳቤ ይመጣል፣ እኔ አነባለሁ፤ ደብዳቤ ይሄዳል፣ እኔ እጽፋለሁ። የእትዬ ድምፅ ከተከፈተ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቴሌ ሄደው በስልክም አነጋገሯት። ሁልጊዜም አባትየው ሰሞነኛ ናቸው፤ ሁልጊዜም ልጅቷ ለሰሞነኛው ሰላም በሉልኝ ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሞኑ የማያልቅ ቄስ የትም አገር የለም። ይህ ለቄስ ልጅ ይጠፋታል ብሎ ያሰበ ግን ከመካከላችን አንድ አልነበረም። ሰው ማመን የፈለገውን ነው የሚያምን።

ኮንትራቷን ጨርሳ የመጣች ዕለት፣ እንደተመከረው፣ ቤቷ አልገባችም። ከአውቶቡሱ ታላቅ ወንድምየው ተቀብለው፣ እናትሽ አጅባር ለሠርግ ሄዳለች፣ ዛሬ እኛ ዘንድ እደሪ ብለው ወሰዷት። ሊነጋጋ ሲል ቀስ ብለን ግቢያቸው ገባን። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ እትዬ ከሴቶቹ መሐል ተደግፈው። እኔ ከኋላ ቆምሁ። ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት በዚያ ወጋገን ነው፤ ነጠላ ጣል አድርጋ በር ላይ ወጣች፤ የተሰበሰበውን ሰው አየች። ሽማግሌው አባትሽ አርፈዋል፣ ቆይቷል አሏት። ጮኸች። ወደቀች። ስንት እጅ ነው የያዛት። ሴቶቹ አብረዋት ጮኹ፤ እናቷ ላይዋ ላይ ተደፉ። መሬቱን በእጇ እየደበደበች እስከ ረፋድ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ ሥርዓቱ ሳይጎድል፣ መርዶዋን በወገን መካከል ሰማች ብዬ ፈጣሪን አመሰገንሁ።

በሳምንቱ ወደ ክፍሌ መጣች። ክፍሏን ለቅቄላት ከግቢው ጥግ ወዳለችው ማድቤት መሰል ክፍል ዞሬያለሁ። ከል ለብሳለች፤ ነጠላዋ ጥለቱ ወደ ላይ ነው። እንደ ዱሮ ወዳጅ "በእጅ ጽሕፈትዎ ነው የማውቅዎት፣ መምህር" ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጉልበቷ ላይ አለ። እናቴ በስልክ ለመምህሩ አንድ ነገር ሳትይዢ እንዳትመጪ ስላለችኝ ነው አለችና ፈታችው። ትንሽ፣ ብርማ፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ዲጂታል ካሜራ ነበረች፤ መካነ ሰላም ውስጥ ገና ያልታየች። ውለታዬን ማሳነስ ጀመርሁ። ሳልጨርስ ከቦርሳዋ ሌላ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ጠርዟ የተበላ፣ መሐሏ የታጠፈ ፎቶ። ደፉ፣ ብርሃኑ፣ መቋሚያው። መገልበጥ አላስፈለገኝም፤ ጀርባዋ ላይ ፊርማዬ እንዳለ አውቃለሁ።

"ፖስታውን የከፈትሁት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው" አለችኝ። "እመቤቲቱ ደብዳቤ ሳነብ ማየት አትወድም። መጀመሪያ ሳቋን አየሁ። ቀጥዬ ይህችን አየሁ። ከዚያ ቧንቧውን ከፈትሁት፤ እንዳትሰማኝ።"

ማን እንደሞተ በምን አወቅሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። በፎቶው ላይ እናቷ አለች፣ መቋሚያው አለ፣ ባለ መቋሚያው የለም። ለእናቷ ለምን እንዳልነገረቻት ግን ጠየቅሁ።

"ለእኔ ብላ ከል አውልቃ ሳቀች" አለች። "አውቄያለሁ ብላት ያ ሳቅ ምን ይሆናል?"

ያን ቀን በወጋገኑ ያለቀሰችው የውሸት እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ ሁለት ዓመት ይዛው የኖረችው ነው። ብቻዋን ስታለቅስ የሚይዛት እጅ ምን እንደሚመስል ታስብ ነበር፤ ሲይዟት ጊዜ ለቀቀችው። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትሁ። አንገቷን ነቀነቀች፤ ይቅርታዬን እንደማትፈልገው ሳይሆን የት እንደምታስቀምጠው ያልታወቃት ነበር የምትመስል። ለእናቴ እንዳይነግሯት፣ እስክትሞት እንዳይነግሯት አለችኝ። ይኸኛው ሁለተኛው መሐላዬ ነው።

ስትነሳ ካሜራዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገች።

"ሻጩ በዚህኛው ያልሆነውን ወዲያው ማጥፋት ይቻላል ብሎኛል" አለች። "ለዚያ ነው የመረጥሁልዎ።"

ክፋት አልነበረበትም። ፊቷን አይቻለሁ፤ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ፎቶዋን ግን ከጠረጴዛው መልሳ አነሳቻት። "ይህችን አልሰጥዎትም" አለች። "ጥሩ ፎቶ ናት። እናቴን የምትመስለው በዚህች ነው።" ቤይሩት የደረሰ፣ ዓለም ያየ ሰው ፎቶዬን አደነቀልኝ። የፈለግሁትን አገኘሁ፤ አፈር መስዬ ቆሜ በሩን ስትዘጋ አየሁ።

አሁን ደሴ ነው የምኖረው። ፊልሙም ካሜራውም ታሪክ ሆነው ሁሉም ሰው ስልኩን አውጥቶ የሚያነሳበት ጊዜ መጥቷል። በየዓመቱ በቄሱ መታሰቢያ ቀን ወደ መካነ ሰላም እሄዳለሁ። እትዬ አርጅተዋል። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ስልኩን ወደ እሳቸው ሲያዞር "ቆይ፣ ልዘጋጅ" ይሉና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ። ከዚያ ለተሰበሰበው ሁሉ የእኔን ታሪክ ያወራሉ። ይህ ሰው ፎቶ አንስቶኝ ልጄን በሰው አገር ከመርዶ የጠበቀልኝ ነው ይላሉ። ልጅቷ እንጀራ እየቆረሰች ትሰማለች፤ ቀና ብላ አታየኝም።

"አንተንም ልጆችህንም ክፉ ወሬ ከመስማት ይጠብቃችሁ" ብለው ይመርቁኛል፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው። ሰው ሁሉ አሜን ይላል። የተመረቀ ሰው ዝም ማለቱ ነውር ስለሆነ፣ እኔም በየዓመቱ አሜን እላለሁ።